ጀሪካኑና ማዳበሪያው አብረው ቀልጠው ለምን አልተዋሃዱም?

ባለፈው ዓመት ከደሴ ሰኞ ገበያ አንድ ጥቁር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዛሁ። ሻጩ "ከተሰበሰበ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ርካሽነቱም ለዚያ ነው" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ይዤው ወጣሁ፤ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ሊገባ የነበረ ነገር ዕቃ ሆኖ ሲመለስ ማየት ደስ ይለኛል። ሳፋው ግን ሦስት ወር አልሞላውም። አንድ ቅዳሜ ብርድ ልብስ ተነክሮበት ሊነሣ ሲል ከጠርዙ እስከ መቀመጫው ተተረተረ።

ስባሪውን አልጣልሁትም። የተሰነጠቀውን ጠርዝ በጥፍሬ ስፈለቅቀው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ ሆኖ ተላጠ። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ገጽ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ተጎትቶ የተበጠሰ ነገር የሚያሳየው ጭረትና ክር የለበትም። የተሰበረ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ያልተጣበቀ ይመስላል።

ጎረቤቶቼ "የሠሪው ስንፍና ነው" አሉ። ሌሎች ደግሞ "አንዴ የቀለጠ ፕላስቲክ ዳግም ጥንካሬ የለውም" ብለው ደመደሙ። ሁለቱም ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ሠሪው እሳቱንም ቅርጽ ማውጫውንም በሚገባ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። ያሳሳተው፣ ሁለት የተለያዩ ፕላስቲኮች አብረው ከቀለጡ አንድ ይሆናሉ የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት የሁላችንም ነው፤ አሁን ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍለን ጊዜ መጥቷል።

ጊዜው መጥቷል ያልሁት በምክንያት ነው። ሀገራችን ፕላስቲክን በሕግ መቆጣጠር የጀመረችው በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ሲሆን፣ ያ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና በአፈር ውስጥ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተገልግለው የሚጥሏቸውን ፌስታሎች የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ፌስታሉ ቢቀር እንኳ ጀሪካኑ፣ ማዳበሪያው፣ የውሃ ሃይላንዱ፣ ወንበሩና ኮንጎ ጫማው አብረውን ይኖራሉ። ስለ እነርሱ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ "ሰብስቦ ማቅለጥ ነው" የሚል ነው። ከ1950 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ዓለም ወደ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ አምርቷል፤ በዚያ ዘመን ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ ተመልሶ ዕቃ የሆነው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማቅለጥ ብቻውን መፍትሔ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አያንስም ነበር።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። እኛ ፕላስቲክ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ቤተሰብ ነው። ቢጫው ጀሪካን ፖሊኢትሊን ነው፤ ፌስታሉም የእርሱ ዘመድ ነው። ማዳበሪያ የምንለው፣ እህል የምንቋጥርበት ነጩ ጆንያ፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የሃይላንዱ አካል ፔት የሚባለው ሲሆን ክዳኑ ግን ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ኮንጎ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። የጋራ ባሕርያቸው ፖሊመር መሆናቸው ነው፤ ማለትም አንድ ትንሽ አካል በሺዎች ጊዜ እየተደጋገመ የተቀጣጠለበት ረጅም ሰንሰለት። ይህ ረጅም ሰንሰለት የሚለው ሐሳብ ራሱ የመቶ ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለው ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያቀርበው ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1953 ነው።

ርዝመቱን በዓይነ ኅሊና ለማየት እንሞክር። ጀሪካን በሚሠራበት ፖሊኢትሊን ውስጥ አንድ ሰንሰለት ሰባት ሺህ ካርቦን ቢኖረው የሚገርም አይደለም። ያን ሰንሰለት 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር እስኪሆን ብናሳድገውና ብንዘረጋው ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን ተዘርግቶ አይኖርም፤ እንደ ተተረተረ ሹራብ ክር ተጠቅልሎ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጠላልፎ ነው የሚኖረው። የጀሪካኑ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ መጠላለፍ ነው።

አሁን ወደ መቀላቀል እንምጣ። ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ በአንድ እንቅብ አድርገው ቢያናውጡት ይቀላቀላል፤ የቱንም ያህል ቢያናውጡት ግን ተመልሶ አይለያይም። ጤፍ ከጤፍ ጋር ፍቅር ስላለው አይደለም። ተቀላቅሎ የሚቀመጥበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ተለያይቶ የሚቀመጥበት መንገድ ግን በጣም ጥቂት ነው። የተፈጥሮ ዝንባሌ መንገድ ወደሚበዛበት ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ኢንትሮፒ ይሉታል። ውሃና አልኮል የሚዋሃዱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የጤፉን ፍሬ አንድ በአንድ ወስደን በክር ብንሰካውስ? ነጩን በነጭ፣ ቀዩን በቀይ፣ እንደ ሙስበሃ ሰክተን፣ በአንዱ ክር ላይ ብዙ ሺህ ፍሬ ብናደርግስ? አሁን አንድ ፍሬ ብቻውን ወደ ፈለገበት መሄድ አይችልም፤ ከኋላም ከፊትም ወንድሞቹ ይጎትቱታል። በመቀላቀል የሚገኘው የመንገድ ብዛት ለእያንዳንዱ ፍሬ ሲካፈል ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። ሺህ ፍሬ ያለው ሙስበሃ ከመቀላቀል የሚያገኘው ትርፍ አንድ ልቅ ፍሬ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ትርፉ ግን ለሺህ ይካፈላል።

ይህን በስሌት ያስቀመጡት ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሀጊንስ ናቸው። በ1941 እና በ1942 እ.ኤ.አ. ገደማ ሁለቱም በየፊናቸው ወደ አንድ ቀመር ደረሱ፤ ፍሎሪ በ1974 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ቀመሩ በአንድ በኩል የኢንትሮፒውን ትርፍ ያስቀምጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ፍሬዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያህል "እንደማይመቻቹ" የሚለካ ቁጥር አለ፤ ካይ በሚባል የግሪክ ፊደል ይጻፋል። ሁለቱ ፈሳሾች ትናንሽ ሞለኪውሎች ከሆኑ አለመመቻቸቱ ከ2 እስኪያልፍ ድረስ በማናቸውም መጠን ይዋሃዳሉ። በሁለቱም ወገን አንድ ሺህ ፍሬ ያላቸው ሰንሰለቶች ሲሆኑ ግን ድንበሩ 0.002 ነው። ሺህ ጊዜ የጠበበ በር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ በር የሚያልፍ ጥንድ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ "ጀሪካንና ማዳበሪያ እኮ ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው፤ ምን የሚያጣላ ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ነው። ልዩነታቸው አንዲት ቅርንጫፍ ናት፤ በፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ላይ በየሁለት ካርቦኑ አንዲት የካርቦን ቡቃያ በጎን ትወጣለች። በዚህች ቡቃያ ምክንያት ሰንሰለቱ የሚታጠፍበትና ከጎረቤቱ ጋር የሚተሻሽበት መንገድ ይለያል። እያንዳንዱ ፍሬ ከባዕድ ይልቅ ከወገኑ አጠገብ ሲሆን የሚያገኘው ምቾት እጅግ ጥቂት ነው፤ ግን ለብዙ ሺህ ሲባዛ ከበድ ያለ ነገር ይሆናል፤ የኢንትሮፒ ትርፍ ደግሞ አይባዛም። ጥላቻ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ከምንም የማይቆጠር አለመመቻቸት ብቻውን ሁለት ወገን አቁሞ ያለያያል።

ነገሩ የፕላስቲክ ብቻም አይደለም። በ1896 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ቤየሪንክ፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጄላቲንና ከባሕር አረም የሚወጣው፣ አጋር የሚባለው ነገር በውሃ ሟምተው ሲደባለቁ አንድ እንደማይሆኑ አይቷል፤ ሁለቱም ውሃ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ተለያዩ። በ1947 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ጥንድ ፖሊመሮች በአንድ ማሟሚያ እየተደባለቁ ሲፈተሹ፣ መለያየት ሕግ ሆኖ መስማማት ደግሞ ከሕጉ ውጭ የሆነ ጥቂት ነገር ሆኖ ተገኘ።

"እሳቱን ጨምር" የሚል ምክር በየአውደ ጥናቱም በየወርክሾፑም ይሰማል። እሳት ሁሉን ያስማማል የሚል ልማድ አለን። ለትናንሽ ሞለኪውሎች ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለረጅም ሰንሰለት ግን ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ተዋህደው ሊኖሩ የሚችሉበት ሙቀት ቢኖር እንኳ፣ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ይበጣጠሳሉ። እንዲያውም አንዳንድ ጥንዶች ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ፖሊስታይሪንና ፖሊቪኒል ሜቲል ኤተር የሚባሉት ሲቀዘቅዙ ጥርት ያለ አንድ ፈሳሽ ሆነው ሳለ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወተት መስለው ይደፈርሳሉ። ተዋህደው የነበሩት በሙቀት የሚለያዩ መሆናቸው መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንሁም ነበር።

ድፍረሳውን ልብ ይሏል። ጥርት ያሉ ሁለት ፕላስቲኮች ተቀላቅለው ወተት ከመሰሉ በውስጣቸው ጠብታዎች ተፈጥረዋል ማለት ነው፤ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ጠብታ ድንበር ላይ ይበተናል። በቀለጠው ድብልቅ ውስጥ አነስተኛ መጠን ያለው ወገን በሌላው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይንሳፈፋል። ማሽኑ ሲገፋው ጠብታው እየተለጠጠ ንጣፍ ወይም ክር ይሆናል፤ ወዲያው ሲቀዘቅዝ በዚያው ቅርጹ ይደርቃል። የእኔ ሳፋ ንብርብር የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱ ወገኖች ድንበር ላይ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የሚገቡት ጥቂት ናኖ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመጠላለፍ አይበቃም። ያልተጠላለፈ ክር ሲጎትቱት ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ለዚህ ነው የተላጠው ገጽ ለስላሳ የሆነው።

ይህን ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ሳያነቡ በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁራሌዎች የሰበሰቡት ፕላስቲክ በሚለይበት አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት አገኘሁ። ስባሪዬን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ገፋ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው አጥፈው ድምፁን ሰሙ፣ ከዚያም "ይሄማ የተቀላቀለ ነው፤ ጀሪካንም አለበት፣ ማዳበሪያም አለበት" አሉኝ።

"እማማ፣ በምን አወቁ?" አልኋቸው።

"ጀሪካን ጥፍር ይቀበላል፣ ማዳበሪያና ወንበር እንቢ ይላል። ይሄ እዚህ ጋ ይቀበላል፣ እዚህ ጋ እንቢ ይላል። አብሽር ልጄ፣ እጅ ከለመደ ዓይን አያስፈልገውም።"

ፖሊኢትሊን ከፖሊፕሮፒሊን ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ በጥፍር መጫሩ እውነት ነው። ሲቸግራቸው ጥቂት ቆርጠው በክብሪት ያቃጥላሉ፤ ሻማ ሻማ ከሸተተ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የሚሰነፍጥ ጭስ ካወጣና እሳቱን ሲያርቁት ከጠፋ ፒቪሲ ነው። ይህን የኋለኛውን ሙከራ አልወደድሁላቸውም፤ ያ ጭስ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያለበት ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ላላደረገ ሰው እውቀቱ በጤናው የተገዛ ነው።

በግቢው ጥግ በርሜል ውሃ አለ። የተፈጨውን ሃይላንድ እዚያ ይጥሉታል፤ ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ድንቅ ዘዴ ነው። ሆኖም ጀሪካንና ማዳበሪያ ሁለቱም ከውሃ ይቀልላሉ፤ በርሜሉ ለእነርሱ አይፈርድም። ቤት ስመለስ አንድ ነገር ሞከርሁ። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝቼ፣ በብርጭቆ አምስት እጅ አልኮል ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቀልሁ፤ ግማሽ በግማሽ ገደማ አልኮል ሆነ። የውሃ እፍጋት 1 ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ፈሳሽ እፍጋቱ ወደ 0.93 ይጠጋል። የጀሪካን ፖሊኢትሊን 0.95 አካባቢ ነው፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 0.90። ከጀሪካኑ የቆረጥሁት ቢጫ ቁራጭ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ ከማዳበሪያው የመዘዝሁት ነጭ ክር ከላይ ቀረ። በውሃ ላይ አብረው የሚንሳፈፉትን ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አንዱን ላይ አንዱን ታች ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። (ማዳበሪያው ሲሠራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በብዛት ከገባበት ግን ክሩም ሊሰጥም ይችላል። አልኮሉን ደግሞ ከእሳት ያርቁ።)

መለየት ካልተቻለ ሌላው መንገድ ማስማማት ነው። ሁለት ቤተሰብ ሲኳረፍ አንድ አማች መሀል ገብቶ እንደሚያገናኝ፣ ግማሽ አካሉ ፖሊኢትሊን፣ ግማሽ አካሉ ፖሊፕሮፒሊን የሆነ ሰንሰለት ቢሠራ በድንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ጫፉ ከዚህኛው ወገን ጋር፣ ሌላው ከዚያኛው ጋር ይጠላለፋል። ሳሙና በዘይትና በውሃ መሀል የሚሠራውን ይመስላል፤ ሳሙና ግን መጠላለፍ የሚችል ረጅም አካል የለውም። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሁለቱ የተቀጣጠሉ አራት ክፍል ያላቸውን ሰንሰለቶች ሠርተው፣ 1 በመቶ ብቻ ሲጨምሩበት ተሰባሪ የነበረው ድብልቅ የሚለጠጥና ጠንካራ መሆኑን አሳይተዋል። አንድ በመቶ! ነገር ግን እንዲህ ያለውን አማች ለመሥራት የተለየ ማቀላጠፊያ (ካታሊስት) እና ጥንቃቄ የበዛበት ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ በርሜልና እሳት ባለበት ግቢ የሚሠራ አይደለም።

አለመዋሃድ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። ፖሊስታይሪን ብቻውን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ የላስቲክ ጠብታዎች ሲበተኑበትና ሰንሰለቶቻቸው ድንበሩ ላይ በኬሚካል ሲታሰሩ ግን ምት የሚችል ይሆናል፤ የማቀዝቀዣ ውስጠኛው ግድግዳ ከእንዲህ ያለ ነገር ይሠራል። ከልባቸው የሚዋሃዱ ጥንዶችም አሉ፤ ፖሊስታይሪንና ፖሊፌኒሊን ኦክሳይድ ለምሳሌ፤ እነዚህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አብረው በገበያ ላይ ናቸው። ልዩነቱ እነዚያን የሠሯቸው ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ አውቀው መሥራታቸው ነው።

ኮምቦልቻ ደግሞ ይህን እውቀት ለማግኘት ሩቅ የምትሄድ ከተማ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። በጨርቃ ጨርቅ ላይ የሠራ ሰው ጥጥና ፖሊስተር አብሮ ሲፈተል አንዱ በአንዱ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃል። ፖሊስተሩ 130 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በግፊት ሌላ ዓይነት ቀለም ይፈልጋል፣ ጥጡ ደግሞ የራሱን። ስለዚህ ለሁለት ወገን ሁለት ዓይነት ቀለም ያዘጋጃል። ሳፋ የሚሠራው ሰው ጋር ሲደርስ ይህ ማስተዋል ለምን ይጠፋል?

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ሁሉን በአንድ በርሜል የሚያቀልጥ ሥራ እንደ መፍትሔ መቆጠር የለበትም። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ለእግረኛ መንገድ ንጣፍ ቢውል አልቃወምም፤ ንጣፍ የሚሸከመው ክብደትን እንጂ መጎተትን አይደለም፣ ንብርብሩም ሲጫኑት አይላጥም። ባልዲ፣ ሳፋ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ወንበር ግን ከተደባለቀ አይሠራም፤ ወንበር ሲሰበር ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ከማሽኑ በፊት ወዳለው እጅ ነው። ሰብሳቢው በኪሎ ሲከፈለው የተለየው ከተደባለቀው በሚታይ ልዩነት ሊበልጥ ይገባል፤ ካልሆነ ለመለየት ጊዜውን የሚያጠፋበት ምክንያት የለውም። አምራቹም በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር በግልጽ ማተም አለበት። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ምልክት ነው፤ 1 ፔት፣ 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን። የሳፋዬን መቀመጫ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ምንም ቁጥር የለውም፤ ቢኖረውም ሁለት ቁጥር ያስፈልገው ነበር።

ከግቢው ልወጣ ስል እኚያ እናት ሃይላንድ እየለዩ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት በጠርሙሱ አንገት ላይ አንዲት ቀለበት ትቀራለች። እርሷ የክዳኑ ወገን ናት፣ ፔት አይደለችም። በቢላ ጫፍ ከሥሯ ገብተው አንዴ ሳብ ሲያደርጓት ተበጥሳ ትወድቃለች። ጠርሙሱን ወደ ቀኝ ጆንያ፣ ቀለበቷን ወደ ግራው ይጥላሉ። ለቀለበቷ የሚከፍላቸው እንዳለ ጠየቅኋቸው። የለም፤ ኪሎ አይሞላም አሉኝ፣ ቀጣዩንም ጠርሙስ አነሡ።